ኩራሞቺ የሚሞትበት አምስት ደቂቃ

«ቀን ዓሣ ትበልቻለሽ፣ ማታ ሰው ሲበለት ታያለሽ። ለመሆኑ ቶሚኤ፣ መቼ ነው የሚበቃሽ?» ትለኛለች ፉሚ። ፉሚ ገበያው ውስጥ ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ ዛጎል እየፈለፈለች የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይብሳል።

አልዋሽም፣ የያኩዛ ወሮበሎች ፊልም እወዳለሁ። ያውም ጨዋ ጨዋውን አይደለም። ጣት የሚቆረጥበትን፣ ጥርስ በጉጠት የሚነቀልበትን፣ ደም ከአንገት ተስፈንጥሮ ጣሪያ የሚነካበትን ነው የምወደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ቪዲዮ ቤት ሦስት ካሴት እከራያለሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ለልጄ የምወስድ መስሎት ነበር። ልጅ የለኝም። ሴት የምትደበደብበት ቦታ ላይ ስደርስ የሠራውን ሰው እናቱ እንዳልወለደችው አድርጌ እረግምና አሳልፈዋለሁ፤ የቀረውን ግን ሻዬን ይዤ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እስከ መጨረሻው አያለሁ።

ደሙ ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሚናሴ ወደብ ዓሣ ስበልት የኖርኩ ሴት ነኝ። የእኔን ቁመት የሚያህል ቱና አንገቱ ሲቆረጥ ምን ያህል ደም እንደሚወጣው አውቃለሁ፤ ሰው ደግሞ ከቱና አይበልጥም። እነዚያ ፊልሞች ውስጥ ግን ከአንድ ቀጭን ሰውዬ የሦስት በሬ ደም ይወጣል። ፉሚ «ማጋነን ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ልክ ነው እላለሁ። ለምን ልክ እንደሆነ የገባት ግን ፊልም ሠሪዎች ገበያችን በመጡበት በነሐሴው ቀን ነው።

ባሌ ሺገዞ የሞተው ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው። የእኛ ጨረታ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የቀን ጀልባዎች ገብተው፣ ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሮ፣ ደወል ሲደወል ይጀመራል። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ሺገዞ የበረዶ ሳጥን ተሸክሞ ሲያልፍ ወደቀ። የጭንቅላቱ ደም ሥር ነው አሉ በኋላ። ሲወድቅ ግንባሩን የሳጥኑ ጠርዝ መታውና ወለሉ ላይ ደም ፈሰሰ። በዓሣ ጋሪ ጭነው ወደ መንገዱ ወሰዱት። የጨረታው አለቃ ኒሺጎሪ ሰዓቱን አየ፣ «ምን ይደረግ፣ ዓሣ አይጠብቅም» አለና የጨረታውን ደወል ደወለ። እኔ ምን አደረግሁ? የውሃውን ቱቦ አንስቼ የባሌን ደም አጠብኩት። ማንም አላዘዘኝም። ደም ያዳልጣል፣ ገዢ ይወድቃል፣ ዝንብ ይመጣል፤ ስለዚህ ይታጠባል። ከዚያ ወደ ገዢዎቹ ዞሬ «ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ» ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ተከትዬው የሮጥኩት። ስደርስ አልቆለት ነበር። አልጮህኩም። በቀብሩም አልጮህኩም። ሰው ሁሉ «ቶሚኤ እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» አለ። ጥንካሬዬን ይዘው ገደል ይግቡ።

እነዚያን ፊልሞች ማየት የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ አይሞትም። ግድግዳ ይቧጥጣል፣ የወረቀት በር ቀድዶ ይወድቃል፣ የከዳውን ሰው ስም ይጠራል፣ ደሙን ሁሉም ሰው ላይ ይረጫል። ጓደኛው ሥራውን ጥሎ ይጮሃል። ለአንድ ተራ ወሮበላ ከተማ ይቃጠላል። ደሙ ውሸት ነው፤ ብዛቱ ግን የሐዘንን ያህል ነው። ለሺገዞ የፈሰሰው እውነተኛ ደም አንድ ባልዲ ውሃ አልፈጀም።

እና በዚያ ነሐሴ ፊልም ሠሪዎች ወደ ሚናሴ መጡ። አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሙሉ ፊልም በስምንት ቀን ጨርሰው ሲኒማ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ለቪዲዮ ቤት የሚሸጡ። ዳይሬክተሩ ዋኪሳካ የሚባል የሠላሳ ዓመት ወጣት ነው፤ ደመና በሆነ ቀን እንኳ ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። የገበያውን አዳራሽ ለአንድ ቀን፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ፈቀዱለት። እኛ ደግሞ የምሳ ሳጥን እየተሰጠን፣ ከኋላ ሆነን የምንታይ ሠራተኞች ሆንን።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ አንድ በስልሳዎቹ ያለ ሰው በተደፋ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ ያጠፈው ፎጣ። ፊቱን አይቼ ክው አልኩ።

«እርስዎ!» አልኩት። «የመታጠቢያ ቤቱ! በበረዶ መሰንጠቂያ ዓይንዎን የተወጉት!»

ብድግ አለና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ። «አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ስላዩኝ አመሰግናለሁ። ኩራሞቺ እባላለሁ።»

«ከሦስተኛ ፎቅ ተወርውረው የአትክልት መኪና ላይ የወደቁትስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። ጎመኑ እውነተኛ ነበር፤ ወገቤን እስካሁን ያመኛል።»

«ሲሚንቶ ማደባለቂያ ውስጥ የከተቱዎትስ?»

ሳቀ። «እትዬ፣ እዚያ ላይ እኮ እግሬ ብቻ ነው የሚታየው።»

«እግርዎንም አውቀዋለሁ።»

ፉሚ ከጎኔ ሆና «ጉድ ፈላ! ባሏን እንኳ እንደዚህ አታውቀውም ነበር» አለች። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና ምላሷን ነከሰች።

ኩራሞቺ ሙያው መሞት ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ከአራት መቶ ጊዜ በላይ ሞቷል። ከሁሉም የረዘመው ሞቱ አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ገዳዩ ፊት ይዞራል። ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ይረሳል። ጉልበቱ ስላለቀ ከዚህ ፊልም በኋላ ሺኮኩ ደሴት ወዳለችው እህቱ ዘንድ ሄዶ መንደሪን ሊያለማ ነው። ዋኪሳካ ደግሞ ቃል ገብቶለታል፦ አምስት ደቂቃ፣ ሳይቆራረጥ። በሩ ላይ ይወጋል፤ ከዚያ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እየተንገዳገደ አቋርጦ፣ ከጨረታው መድረክ ሥር ይወድቃል። ካሜራው ሌላ ማንንም አያይም።

«አራት መቶ ጊዜ ጀምሬዋለሁ» አለኝ የምሳ ሳጥኑን እየዘጋ። «አንድ ጊዜ እንኳ ጨርሼ ልሙት።»

ይህን ሲለኝ ልቤ ተነካ። በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ መርዳት ፈልጌ አላውቅም።

ዋኪሳካ ሰበሰበንና አጨበጨበ። «እናቶች፣ አባቶች፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። እንደወትሮው ሁኑ! ካሜራ የለም፣ ሰው አልሞተም። ሥራችሁን ሥሩ፣ በቃ።»

ከኩራሞቺ ሸሚዝ ሥር ቀጭን ቱቦ አለፈለት፤ አንድ ሰው ከጋሪ ኋላ ተደብቆ ደሙን በፓምፕ ይገፋል። ደሙ ከሽሮፕና ከቀለም የተሠራ ነው፣ የከረሜላ ሽታ አለው። ያላቸው ሸሚዝ ሁለት ብቻ ነው፤ የለበሰውና አንድ መጠባበቂያ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ካሜራው መቅረጽ ጀመረ።

ገዳዩን የሚጫወተው ጎረምሳ አጭሩን ጩቤ በሁለት እጁ ሆዱ ላይ ደግፎ፣ በሙሉ ሰውነቱ እየሮጠ መጥቶ ተላተመው። ኩራሞቺ «ኧ» ብቻ አለ። ጎረምሳው ሮጦ ወጣ። ከዚያ መንገዱ ተጀመረ። አንድ እርምጃ፣ ጠረጴዛ መያዝ፣ ሌላ እርምጃ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወጣል። ዓሣ ላይ ይንጠባጠባል፣ በረዶው ይቀላል። እኔ እንደታዘዝኩት ማኬሬል ዓሣ እየበለትኩ በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ፤ እንዴት ያለ ሞት ነው! ሁለት ደቂቃ ሄደ። ጠረጴዛዬ ጋ ደረሰ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ እግሬ ሥር ያለው ወለል ቀይ ሆነ።

ልማድ ሲሰለጥን ተፈጥሮ ይሆናል ይባላል። እጄ ከኔ ቀድሞ ሄደ። የውሃውን ቱቦ ከመንጠቆው አወረድኩ፣ ከፈትኩት፣ ወለሉን አጠብኩት። ወለሉን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጫማው ላይ ደም አየሁ፣ ጫማውን አጠብኩ። ሱሪው ላይ አየሁ፣ ሱሪውን አጠብኩ። ሸሚዙ ጋ ስደርስ ፉሚ ሳቋን መያዝ አቅቷት ዛጎሎቿ ላይ ተደፋች።

«ቁም! ቁም!» ዋኪሳካ መነጽሩን አውልቆ እየሮጠ መጣ። «እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እንደወትሮው ሁኑ አላልክም?»

«ሰውየው እኮ እየሞተ ነው!»

«ሰው አልሞተም ያልከው አንተ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ኩራሞቺን አየሁትና ሳቁ አልመጣልኝም። ከሸሚዙ ሮዝ ውሃ እየተንጠባጠበ ተነሳ፣ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። «የኔ ጥፋት ነው፤ ደሜን እግርዎ ሥር አፈሰስኩት» አለና እጅ ነሳኝ። መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት። በዓለም ላይ እግሩን እንኳ የምታውቅ አንዲት ሴት ብትኖር፣ ሞቱን ያበላሸችበት እሷው ሆነች።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሆኗል። ሰውየውን ማድረቅ፣ የደሙን ቱቦ እንደገና መግጠም፣ የቀረውን ሸሚዝ ማልበስ ቢያንስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ዋኪሳካ ሰዓቱን አየ፣ ከረዳቶቹ ጋር ተንሾካሾከ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኩራሞቺ መጣ።

«ጋሼ፣ ከደወሉ በፊት አንደርስም። እዚያው በሩ ላይ ይወጉና ከሳጥኖቹ ኋላ ይውደቁ። የቀረውን በድምፅ እንሞላዋለን።»

ኩራሞቺ ከሸሚዙ ጫፍ ሮዙን ውሃ ጨመቀ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ምን ይደረግ» አለ።

ደሜ ፈላ። ያቺን የኒሺጎሪን ቃል ከማንም ሰው አፍ ብሰማ ኖሮ እችል ነበር። ከሱ አፍ ስሰማት ግን ቢላዋዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩና፣ ጎማ ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ኒሺጎሪ ሄድኩ።

ኒሺጎሪ መድረኩ ላይ ከደወሉ ገመድ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን እያስተካከለ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሺገዞ ቀብር ትልቁን የአበባ ጉንጉን የላከው እሱ ነበር።

«ጋሽ ኒሺጎሪ፣ ደወሉን አምስት ደቂቃ ያቆዩልኝ።»

«ለምን?»

«ሰውየው ሞቶ እስኪጨርስ።»

«አበድሽ እንዴ ቶሚኤ? በነሐሴ ሙቀት በረዶው እየቀለጠ! አርባ ገዢ ከኩሬ ከተማ፣ ከሂሮሺማ ድረስ መጥቶ! ይሄ ደወል በአውሎ ነፋስ ቀን እንኳ ዘግይቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ። ሺገዞ የሞተ ቀንም አልዘገየም።»

እጁ ባርኔጣው ላይ ቀረ። «አሁን እሱን ምን አመጣው?»

«አንተ ነህ ያመጣኸው!» በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ያን ቀን ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ገመዱን የያዝከው አንተ። ማናችንም አልተገደድንም። እኔ ዛሬ ዳግመኛ ቱቦውን አልነካም። አንተስ?»

«ቶሚኤ… ይሄ እኮ የውሸት ሞት ነው።»

«የእውነቱን አሳለፍነው። የቀረን የውሸቱ ነው።»

ወደ ሰዓቱ አየ፣ ወደ ዓሣው አየ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ «ገዢዎቹን ምን ልበላቸው?» አለ።

«ሰው እየሞተ ነው በላቸው።»

ወደ ታች ወርጄ ዋኪሳካን ክንዱን ያዝኩት። «ደወሉ ይቆያል። ሸሚዙን አልብሰው።» አፉን ከፈተ፤ «አትጠይቀኝ፣ አልብሰው!» አልኩት። የሚናሴ ሴቶች ያን ጊዜ ያደረጉትን ብታዩ! አንዷ ጫማውን በጨርቅ ታደርቃለች፣ አንዷ ፀጉሩን ታራግባለች፣ ፉሚ ሽሮፑን በዓሣ ባልዲዋ ታማስላለች። «ጨው የለውም» ብላ ቀምሳ ፍርዷን ሰጠች። የውሃውን ቱቦ እኔ ራሴ ከቧንቧው ነቅዬ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ወረወርኩት።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ገዢዎቹ ቁጥር ያለበት ባርኔጣቸውን አድርገው በጎማ ጫማቸው ገቡ። ኒሺጎሪ ከመድረኩ ላይ «ሰው እየሞተ ነው፤ ጠብቁ» አላቸው። አንዱ ሊስቅ ጀመረና የኒሺጎሪን ፊት አይቶ ተወው። ዋኪሳካ ሊያስወጣቸው አሰበ፣ ጊዜ አልነበረም፤ እንደቆሙ ቀሩ። ለዘጠኝ ሦስት ጉዳይ ላይ ጎረምሳው ሮጦ ገባ።

ኩራሞቺ ተወጋ።

ሁለተኛው ሞት የመጀመሪያውን አይመስልም። የመጀመሪያው ጊዜ አዳራሹን ሊያቋርጥ እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሄደው። አሁን ግን ጊዜ እንዳለው ሰው ሄደ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጋ ቆመ። የፉሚን የዛጎል ቅርጫት በደም እጁ ዳሰሰ። አንድ ሽማግሌ ገዢ ፊት ቆሞ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው አየው፤ ሽማግሌው ወደ ኋላ አላለም፣ ሳያስበው ክንዱን ዘረጋለት፣ ደሙ እጅጌው ላይ ቀረ። በረዶው ሲሰነጠቅ ይሰማል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች ደቂቃ ደወል ሲሰማ የኖረ ጆሮ ሁሉ ደወሉን ጠበቀ፤ ደወል የለም።

ጠረጴዛዬ ጋ ደረሰ። ደሙ እግሬ ሥር ፈሰሰ። ጣቶቼ ቱቦውን ፈለጉ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። ዓሣ መበለት፣ በረዶ መሸከም፣ ባል መቅበር፣ ከሁሉም ይህኛው ከበደኝ። አየሁት። የሚፈሰውን አየሁ፣ ሲቀዘቅዝ አየሁ፣ አንዲት ጠብታ ሳላጥብ አየሁ።

ከመድረኩ ሥር ወደቀ። ተነሳ። እንደገና ወደቀ። በጀርባው ተገልብጦ ወደ ጣሪያው እያየ፣ ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ተናገረ፦ «ጫማዬ ርጥብ ነው» አለ፤ እንደሚገርመው ሆኖ። ከዚያ ትንፋሹ አጠረ፣ አጠረ፣ ቆመ። ዓይኑ ተከፍቶ ቀረ። ካሜራው አልዞረም። ማንም አልተነቃነቀም። ገዢዎቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አየሁ፤ ያዘዛቸው የለም።

«በቃ» አለ ዋኪሳካ፤ መጮህ እንኳ አልቻለም።

ኩራሞቺ ዓይኑን አርገብግቦ ቀና አለ። ዙሪያውን አየና ወደ እኔ ዞረ። «ጨረስኩ?»

«ጨርሰዋል» አልኩት። «እስከ መጨረሻው።»

እሱ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ረዳቶቹ ሞቶ ለተጫወተ ተዋናይ እንደሚደረገው ትከሻው ላይ ጨው በተኑለት፤ ክፉ ዕድል ተከትሎት ቤቱ እንዳይገባ።

ቀና ብዬ ኒሺጎሪን አየሁ። ባርኔጣው ብብቱ ሥር ነው፣ እጁ ገመዱ ላይ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሦስት ደቂቃ ይላል፤ እሱ ግን ሰዓቱን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያን ቀን ይህን ማድረግ ነበረብኝ» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቶሚኤ፣ ይቅርታ። ልደውል?»

ይቅር አልኩት ብል ውሸቴን ነው። ወለሉን አየሁ፤ ደሙ ሺገዞ ከወደቀበት ቦታ አልፎ፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ እስከ መድረኩ ድረስ ረጅም መንገድ ሠርቶ ተኝቷል፣ ያጠበውም የለም። ያኔ ከሆዴ የሆነ ነገር ተነሳ። አሥራ አንድ ዓመት የት እንደነበረ አላውቅም።

«ቆይ» አልኩት።

ከዚያ ጮህኩ። የባሌን ስም እየጠራሁ፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ በዚያ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ማንም ጮሆ በማያውቀው ጩኸት ጮህኩ። ፉሚ መጥታ ያዘችኝ፣ አላስቆመችኝም፣ አብራኝ ጮኸች። በረዶው እየቀለጠ፣ አርባ ገዢ በባዶ ራሱ ቆሞ፣ ኒሺጎሪ ገመዱን እንደያዘ እኔ እስክጨርስ ድረስ ቆየ።